አውድማ ላይ የተጠየቀ ጥያቄ

የማስታወሻ ደብተሬን እያንዳንዱን ገጽ በሁለት መስመር ከሦስት እከፍለዋለሁ። በግራ የተባለውን እጽፋለሁ፤ በመካከል ማን እንዳለው፤ በቀኝ ደግሞ የት ቆሞ እንዳለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንኛውም ጋዜጠኛ ይጽፋቸዋል። ሦስተኛውን የጨመርሁት በደርግ ዘመን፣ ደብረ ታቦር ላይ የዜና ወኪል ሆኜ ስሠራ፣ በራሴ ስህተት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘገባ ሠርቻለሁ፤ መጻሕፍትም ጽፌአለሁ። ወጣቶች ደብተሬን ሲያዩ ስለ ቀኙ ዓምድ ይጠይቁኛል። ባጭሩ መልሼ አላውቅም፤ ባጭሩ አይመለስም።

ያደግሁት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ እህል ከገበያ ትሸምታለች። ገብስ የማውቀው ጆንያ ውስጥ ካለ ነው። ትምህርቴን ስጨርስ ጥቂት ዓመታት አስተማርሁ። በኋላ የዜና ወኪል ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ አመለከትሁ። ከተቀጠርሁ በኋላ የፈተነኝ ሰው እንደ ነገረኝ፣ የተመረጥሁት ጽሑፌ ስላማረ ሳይሆን አጭር ስለሆነ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ዜናውን ከሰበሰብሁ በኋላ በእጄ ጽፌ ወደ ስልክ ቤት እሄዳለሁ። ወረፋ እይዛለሁ። መስመሩ ሲገኝ አዲስ አበባ ላለው አዘጋጅ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ አነባለሁ፤ እሳቸው እየሰሙ ይጽፋሉ። ስልክ ቤቱ ጠባብ ስለነበር ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዜናውን ከሬዲዮው ቀድሞ ይሰማ ነበር። አንዳንዴም ከኋላዬ ቆሞ ያርመኛል። አንድ ጊዜ የአንበሳሜ መንገድ ተጠግኖ ተከፈተ ብዬ ሳነብ አንድ ነጋዴ «ጠዋት መጥቼበታለሁ፤ ለፍየል ከሆነ አዎ ተከፍቷል» አለ። ስልኩን ዘግቼ ሄጄ አየሁት። ነጋዴው ልክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ሦስት ደንብ አወጣሁ። ያላየሁትን አልጽፍም። ለየብቻ ከሦስት ሰው ያልሰማሁትን አልጽፍም። ዘገባ ከምሠራበት ሰው ቤት አልበላም፣ አልጠጣም። የመጨረሻውን ያወጣሁት በጊዜው የነበረውን ነገር አይቼ ነው። የአንድ ሹም በግ በልቶ የዚያኑ ሹም ድልድይ በሁለት ዜና ሁለት ጊዜ ያስመረቀ ባልደረባ ነበረኝ። እኔ እንደዚያ አልሆንም አልሁ። ደንቦቹን ሳልሸራርፍ ጠብቄ ኖርሁ፤ እናገራለሁ እንጂ አልኮራበትም፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ስህተቱ የመጣው ደንብ በማፍረስ አይደለም።

ከትልቁ ድርቅ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ስለ እህል መልካም ወሬ ይፈለግ ነበር። በአንዱ ታኅሣሥ አዘጋጁ በስልክ «ጉና ውጣና የገብሱን ምርት እይልን» አሉኝ። እስከ ተራራው እግር በመኪና ሄድሁ፤ ከዚያ ወዲያ መኪና ስለማይወጣ በእግሬ ወጣሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ እርሳሴ ከእጄ ሁለት ጊዜ ወድቋል።

በመጀመሪያ ያገኘሁት አውድማ የአንድ ሽማግሌ ነበር። አንድ ጎልማሳ በሬዎቹን እየነዳ ያበራያል፤ ሌሎች ሦስት በመንሽ ጭዱን ይገለብጣሉ፤ ሽማግሌው የሚያዘሩበትን ላይዳ ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል።

«እንደምን ዋላችሁ» አልሁ።

በሬ የሚነዳው ዞር ብሎ አየኝና ለሌሎቹ «የከተማ ሰው ነው» አላቸው። አውድማ ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ይበርክት» እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ማን እንደሆንሁ ተናገርሁ። ደብተሬን አወጣሁ።

«ዘንድሮ እህሉን እንዴት አገኙት አባቴ?»

«ተመስገን» አሉ ሽማግሌው። «ሞልቷል፣ ተርፏል። ጎታውም አይችለው።»

«አሜን» አሉ ጎልማሶቹ ባንድ ድምፅ።

«ካምናው ጋር ሲያስተያዩትስ?»

«አምናም ሰጠን፤ ዘንድሮም ሰጠን።»

«ስንት ኩንታል ይወጣዋል ብለው ይገምታሉ?»

መንሽ የያዙት ቆሙ። አንደኛው «ምነው ጌታው፣ ወፏ እንኳ እየለቀመች አትቆጥርም» አለ። ሁለቱ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም። «የሰጠው ይቁጠረው» ብለው ላይዳቸውን አነሱ።

አውድማው ዳር የተከመረው ጭድ ከቁመቴ ይበልጣል። እሱንም ጻፍሁ። ልሄድ ስል ሽማግሌው «ቤቱ ይኸው ነው፤ ግባና ከብርዱ ተጠለል። እህል ቅመስ፤ ጠላም አይጠፋም» አሉኝ። ደንቤን አስቤ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ቸኩያለሁ» አልሁ። ሁለተኛ ለመኑኝ፤ ሁለተኛም እንቢ አልሁ። ስሄድ ያ በሬ የሚነዳው ከኋላዬ «ሰውዬው ከእህል ጋር ተጣልቷል» ሲል ሰምቻለሁ።

በዚያ ቀን አራት አውድማ አየሁ። በአራቱም የሰማሁት አንድ ነው፤ ሞልቷል፣ ተርፏል፣ ተመስገን። ሰዎቹ ዘመዳሞች አይደሉም፤ አውድማዎቹ ይራራቃሉ፤ ማንም ከማንም ጋር አልተማከረም። ከደንቤ አንድ ምስክር በልጦልኛል። በማግስቱ ስልክ ቤት ገብቼ፣ በጉና አካባቢ ያነጋገርኋቸው ገበሬዎች የዘንድሮው የገብስ ምርታቸው መልካም መሆኑን ገለጹ ብዬ አነበብሁ።

«ስንት ሰው አነጋገርህ?» አሉ አዘጋጁ።

«አራት።»

«ለየብቻ?»

«ለየብቻ።»

«ሁሉም እንዳንተ ቢሆንልኝ» አሉ። እኚህ ሰው ሲያመሰግኑኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዜናው በዚያው ቀን ተላለፈ። አንዲት ቃል አልጨመሩበትም፤ አንዲት ቃል አልቀነሱበትም። ይህን የምጽፈው ስህተቱን ለሌላ ማካፈል ቢያምረኝ ለራሴ እንኳ ቀዳዳ እንዳይኖር ነው።

ገና ካለፈ በኋላ፣ በገበያ ቀን፣ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆሙ። ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያንስ አይመስለኝም። እግራቸው አቧራ ለብሷል።

«ለሬዲዮ የሚያወራው አንተ ነህ?»

«ነኝ እናቴ። ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። የኛን እህል ያበዛኸው አንተ ነህ ማለት ነው።»

ማን እንደሆኑ ጠየቅሁ። የዚያ የመጀመሪያው አውድማ ባለቤት፣ የሽማግሌው ሚስት ነበሩ። የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ እፍኝ ገብስ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ወረቀቴ ላይ አፈሰሱት።

«እፍ በልበት።»

«ምን?»

«እፍ በል ነው የምልህ። ትንፋሽህን ለሬዲዮ ብቻ ነው የምታወጣው?»

እፍ አልሁበት። ከግማሽ በላዩ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ተበተነ። የቀረውን በጣቴ ነካሁት፤ ቆዳ ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ።

«ሞልቶ የተረፈው ይኸ ነው» አሉ። «ጥቅምት ሲወጣ ውርጭ መታው። ጭድ እንደሆን አለ፤ ከብቶቹ ጠግበዋል። እኛ ግን ከብት አይደለንም። ባለፈው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሰበሰበንና፣ ሬዲዮው ምርቱ መልካም ነው ብሏል፣ ለመንግሥት የምታስገቡት የእህል ኮታም የመልካም ዘመን ኮታ ነው አለን። መኪኖቹ ከጥምቀት ማግስት ይመጣሉ። ከአምናው ለዘር ያስቀመጥናት አለች። እሷን ጨምረን ካልሰጠን ኮታው አይሞላም። እሷን ከሰጠን ደግሞ ሰኔ ላይ ምን እንዝራ? ሬዲዮውን እንዝራ?»

ደብተሬን ከመሳቢያው አወጣሁ። ያን ጊዜ ሌላ የማደርገው አልታየኝም። «ባለቤትዎ ራሳቸው ነግረውኝ ነው እናቴ። ሞልቷል፣ ተርፏል አሉኝ። ላነብልዎ እችላለሁ።»

«የት ቆመው ነው የነገሩህ?»

«አውድማው ላይ።»

አልተቆጡም፤ ያዘኑልኝ መሰለኝ። «አውድማ ላይ ሌላ ምን ይበሉህ? እህል እየሰማ ጠፋ ይባላል? እናትህ አላሳደገችህም?»

«ሦስት ሌሎችም እንደዚሁ ብለውኛል።»

«አርባ ብትጠይቅ አርባውም እንደዚያ ይሉሃል። ቤት ግባ ቢሉህ ቸኩያለሁ ብለህ ሄድህ። ገብተህ ቢሆን፣ ጠላህን እንደያዝህ እኔው እነግርህ ነበር። ወሬው ቤት ነበረ።»

ይህን ብለው የቀረችውን ገብስ አንድ በአንድ ከወረቀቴ ላይ ለቅመው በመቀነታቸው ቋጠሩ። ከወለሉም ለቀሙ። እኔም ጎንበስ ብዬ አብሬ ለቀምሁ።

ከሄዱ በኋላ ደብተሩን ከፍቼ አራቱን መልሶች ደግሜ አነበብሁ። አራት ምስክር ያልሁት አንድ ምስክር ነበር። አራቱም የተናገሩት አውድማው እንዲናገሩ የሚያስገድዳቸውን ነው። ከሰው ቤት አልበላም የሚለው ደንቤ ከሹም ቤት ጠብቆኝ ይሆናል፤ ከገበሬ ቤት ግን እውነቱ በሚነገርበት ሰዓት አስወጥቶኛል። ይህን ለማሰብ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ የሰዎቹ ዘር ከኔ ዜና ጋር ታስሮ መኪና ሊጫን ነው።

ወደ ስልክ ቤት ሄድሁ።

«ማረሚያ ላስተላልፍ ነው» አልሁ ለአዘጋጁ።

«የምን ማረሚያ?»

«የጉና ገብስ መልካም አይደለም። ውርጭ መትቶታል።»

«ገበሬዎቹ መልካም ነው አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ የምናርመው ምኑን ነው? ሰዎቹ ያሉትን ነው ያስተላለፍነው።»

«ያሉትን አስተላልፈናል። እህሉ ግን የለም።»

መስመሩ ተንጫጫ። ጠፉ ብዬ ሳስብ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ መጣ። «ስማኝ ወንድሜ። እኔ ዘንድ የዜና ቅጽ አለ፤ የማስታወቂያ ቅጽ አለ፤ የሐዘን መግለጫ ቅጽ አለ። የማረሚያ ቅጽ የለም። በዚህ ጉዳይ ደግመህ አትደውል። ለራስህ ብዬ ነው።»

ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሰምተዋል። በዚያ ቀን ማንም አላረመኝም።

ከስልክ ቤት ወጥቼ የኮታውን ድልድል ወደሚመሩት ኃላፊ ዘንድ ሄድሁ። የእብናት አካባቢ ሰው ናቸው፤ ቁጡ ይባላሉ፤ እኔን ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም። ሁሉንም እንደነበረ ነገርኋቸው።

«ሬዲዮው ተሳሳተ ልትለኝ ነው?»

«ሬዲዮው አይደለም ጓድ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሬዲዮው አይፈርምም። እኔ እፈርማለሁ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በወሬ የጫንኸውን በወሬ አላወርድልህም። ገበሬዎቹ ጠፍቶብናል ብለው በጣታቸው ይፈርሙ። አንተም ተሳስቻለሁ ብለህ ፈርም። ወረቀቱ ከጥምቀት በፊት እዚህ ይሁን። ያንተ ፊርማ ማኅደርህ ውስጥ እንደሚገባ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ቶሎ ውጣ።»

በማግስቱ ጉና ወጣሁ። በዚህ ጊዜ አውድማውን አልፌ በቀጥታ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። ባለቤታቸው በሩ ላይ አገኙኝና «ዛሬስ አልቸኮልህም?» አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ። የቀረበልኝን በላሁ። ጠላውን ሲቀዱልኝ «ካምናው ገብስ ነው፤ አትፍራ» አሉ።

ሽማግሌው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ስለ ውርጩ ስጠይቃቸው ድምፃቸው አውድማው ላይ ከሰማሁት ሌላ ነበር፤ ቀስ ያለና ጥርት ያለ። «ጠዋት ስወጣ ማሳው ጨው የተበተነበት መስሏል። እስኪረፍድ ቆሜ አየሁት። ፀሐይ ሲመታው ነጩ ሄደ፤ ገብሱም አብሮ ሄደ። የሞላ ዛላ ያጎነብሳል። የኔው እስከ አጨዳ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ እንደ ወታደር።»

«አውድማው ላይ ስጠይቅዎ ግን ይህን አልነገሩኝም አባቴ።»

«እዚያ የተናገርሁት ላንተ አይደለም ልጄ። ለእህሉ ነው። አንተ አጠገቡ ቆመህ ሰማህ።»

ይህን ቃል በቃል ጻፍሁት። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቼ ኃላፊው የጠየቁትን አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጠፋብኝ ብዬ ጣቴን አላሳርፍም።»

«ለምን አባቴ?»

«ትንሽ ሰጥቶኛል። ትንሽ የሰጠኝን አልሰጠኸኝም ብዬ ብፈርም የከርሞውን በምን አፍ እለምነዋለሁ?»

«በአፍዎ ይፈርሙ አልተባሉም፤ በጣትዎ ነው» አሉ ባለቤታቸው ከምድጃው በኩል።

«ጣቴም የኔው ነው።»

«ዘሩ ተጭኖ ሲሄድ በጣትዎ ያርሳሉ እንግዲህ።»

ሽማግሌው እሺ እንደማይሉ አየሁ። ልለምናቸው አልፈለግሁም፤ ሰውየው የሚሉትን ያውቃሉ። ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ።

«ሳይናገሩ ማሳየት ይችላሉ?»

አሰቡበት። «ማሳየት ሌላ ነው» አሉ።

ተነሥተው ከጓዳ ቁና አመጡ። ባለቤታቸው ለዘር ከተቀመጠው ያምናው ገብስ አንድ ቁና ሞሉ፤ አፉን በመዳፋቸው አስተካከሉት። ከረጢት ውስጥ ገለበጡት። ከዘንድሮውም በዚያው ቁና ሞልተው፣ በዚያው መዳፍ አስተካክለው፣ በሌላ ከረጢት አደረጉ። ሁለቱን ከረጢቶች በሁለት እጄ አነሣሁ። ሚዛን ከግብርና መሥሪያ ቤት ተውሼ ይዤ ነበር፤ ከኮሮጆዬ አላወጣሁትም። ያምናውን የያዘው ቀኝ እጄ ወደ ታች ወረደ፤ ግራዬ ምንም ያልያዘ ይመስላል።

ወደ ሌሎቹ ሦስቱም ቤት ሄድሁ። በሦስቱም ወረቀቱን አነበብሁ፤ ሦስቱም አንፈርምም አሉ፤ ምክንያታቸውም ከሽማግሌው ብዙ አይለይም። ሦስቱም አሳዩኝ። በየቤቱም በላሁ፤ በአንድ ቀን አራት ጊዜ። ስወርድ ስምንቱን ከረጢቶች የጫንኋት አህያ ከኔ ፈጥና ትሄድ ነበር።

የከተራ ዋዜማ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ከረጢቶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ሁለት አድርጌ ደረደርሁ።

«ፊርማውስ?»

«አይፈርሙም።»

«እንዴት አይፈርሙም? ዘራቸው አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው ያሉኝን ከደብተሬ አነበብሁላቸው። ተነሥተው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከረጢቶች ፈቱ። ከአንዱ አፍሰው በመዳፋቸው ያዙት፤ እፍ አሉበት፤ ገብሱ ቁጭ አለ። ከሌላው አፈሱ፤ እፍ አሉበት። ማንም እፍ ይበሉበት አላላቸውም። ተጠራርጎ ሄደ፤ ጥቂቱ ልብሳቸው ላይ ተለጠፈ። ስምንቱንም እንደዚያ አደረጉ። ሲጨርሱ እጃቸውን አራገፉና «አባቴም ቢሆኑ አይፈርሙም ነበር» አሉ።

ከዚያ የኔን ወረቀት ጠየቁ። አጭር ነበር። ስለ ጉና ገብስ ያስተላለፍሁት ዜና ስህተት ነው፤ ገበሬዎቹ አልዋሹም፤ የጠየቅኋቸው በማይጠየቅበት ቦታ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይኼን የቦታውን ነገር አውጣው። የበላይ አካል አይረዳውም። ‹በቂ ማጣራት አላደረግሁም› በልና ይብቃህ።»

«እሱ እውነት አይሆንም። አጣርቻለሁ። ያጣራሁት አውድማ ላይ ነው።»

«ለራስህ ብዬ ነው።»

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛ ሰው እንዲህ ሲለኝ ነው። «ይቆይ» አልሁ፤ ፈረምሁ።

ኮታው አልተሰረዘም፤ ተቀነሰ። ምን ያህል እንደተቀነሰ አልጽፍም፤ ወረቀቱን በዓይኔ አላየሁትም። ያየሁት ከጥምቀት ማግስት ነው። ጉና እግር ሥር መንገዱ ዳር ቆሜ፣ ከዚያ ቀበሌ የወረደውን እህል መኪና ላይ ሲጭኑ አየሁ። ሽማግሌውም ነበሩ። አጠገቤ ሲያልፉ ቆም ሳይሉ «ዘሯ ጓዳ ናት» አሉኝ።

ሬዲዮው ስለ ውርጩ አንድም ቃል ሳይናገር ዓመቱ አለቀ። ይህ እስካሁን አይመቸኝም። ለእኔ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ፤ በንጹሕ የጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ አንድ አንቀጽ። ያልተጣራ ዜና አስተላልፈሃል ይላል። በዚያ ዓመት የሚጠበቀው የደረጃ ዕድገቴም ቀረ። አዘጋጁ ስልክ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ነገሩ አንሥተው አያውቁም፤ ብቻ ከዚያ በኋላ የገጠር ዜና ሳነብላቸው «የት ነው ያነጋገርሃቸው?» ማለት ጀመሩ። እኔም ከደብተሬ ቀኝ በኩል አነብላቸዋለሁ።

በኋለኞቹ ዓመታት መጻሕፍት ስጽፍ ከወታደርም፣ ከዳኛም፣ ልጅ ከሞተባቸው እናቶችም ጋር ተቀምጫለሁ። አንድ ሰው ቢሮው ውስጥ የነገረኝን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሌላ አድርጎ ነግሮኛል፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሦስተኛ። ዋሸ ብዬ አልጻፍሁበትም። ሦስቱንም ከነቦታቸው ጻፍሁ። ከሰው ቤት አልበላም የሚለውን ደንብ ለሹማምንት ብቻ አስቀረሁት።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጉና አልወጣሁም፤ ሌላ ሥራ ነበረብኝ። የወጣሁት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ያንኑ ዜና እንድሠራ ታዝዤ። ሽማግሌው አውድማ ላይ ነበሩ። ደብተሬን ከኮሮጆዬ ሳላወጣ ቀረብሁ።

«ይበርክት» አልሁ።

«አሜን፤ አብሮ ይበርክት» አሉ ሁሉም። ያ በሬ የሚነዳው ጎልማሳ «የከተማው ሰው አፍ ፈታ» አለ።

«እህሉ እንዴት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ላይዳ አልሰጡኝም፤ ቢሰጡኝም እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም። ጋቢዬን ተከናንቤ ዳር ቆምሁ። ሽማግሌው ሳልጠይቃቸው ወደ እህሉ ዞረው «ሞልቷል፣ ተርፏል፣ ተመስገን» አሉ። ቃሉ ካምናው አልተለየም፤ ድምፁም አልተለየም። እዚያ ቆሜ ስለ ምርቱ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ሥራው ሲያልቅ ሽማግሌው ላይዳቸውን አስደግፈው «ግባ» አሉኝ። ተከትያቸው ገባሁ። ተቀመጥን። ባለቤታቸው ሰላምታ ሰጥተውኝ ወደ ጓዳ ገቡ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሁን ጠይቅ» አሉኝ።

ደብተሬን አወጣሁ፤ ገጹን ከሦስት ከፈልሁና በቀኙ ዓምድ «ቤት» ብዬ ጻፍሁ። አፌን ስከፍት ባለቤታቸው መሶቡን ይዘው መጡ።

«መጀመሪያ ብላ» አሉኝ።

በላሁ። ስጨርስ ሳልጠይቃቸው ባለቤታቸው አንድ እፍኝ የዘንድሮ ገብስ መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ከበደኝ። እፍ አልሁበት፤ ምንም አልሄደም።